ለጥሪው ያልሄዱት የሻለቃ ኃይለመለኮት ቢረሳው የሕይወት ታሪክ

ሻለቃ ኃይለመለኮት ከአባታቸው ከባላምባራስ ቢረሳው ወልደ ማርያም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ ኅሩይ በመስከረም ወር 1925 ዓ.ም. ፍቼ ከተማ ተወለዱ። ሁለቱም ወላጆቻቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል። በደብሩ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አዲስ አበባ ጨረሱ። በ1945 ዓ.ም. በመኮንንነት ተመርቀው ለዕጩ መኮንኖች የጦር ታሪክ አስተማሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመተኮስ ይልቅ ስለ ተኮሱት ሰዎች ማውራት ይቀናቸው ነበር። በ1953 ዓ.ም. ወይዘሮ ምንትዋብ አስፋን በተክሊል አግብተው ሕብስትን ወለዱ።

በ1965 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጄኔቭ ተልከው ከነቤተሰባቸው «ለዛቫንሼ» በሚባል ሰፈር ተቀመጡ። የሚያጠኑት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሕንድ ጠረፍ ለቅኝ ግዛት የተዋጋውን ፈረንሳዊ፣ ጄኔራል ደ ሞንብራክን ነበር። ጄኔራሉ ቁጡ፣ ደፋር፣ ለወታደሩም ለአገሬውም የማይራራ ሰው ነው። ምሽጉ ተከቦ ስንቅ ሲያልቅበት ለእንግሊዞች እጁን ሰጠ። ፓሪስ ላይ ከሃዲ ተባለ። እንግሊዝ አገር በሰላም መኖር ሲችል «ስሜ ንጹሕ ነው፣ ሄጄ አስረዳለሁ» ብሎ በገዛ እግሩ ፓሪስ ገባ፤ አንገቱን ተቀላ።

በኅዳር 1967 ዓ.ም. ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ሲገደሉ ከሻለቃ ቤት እንቅልፍ ጠፋ። በዓመቱ ደርግ ባስቸኳይ ይመለሱ አላቸው። እሳቸውም «አልሰረቅሁ፣ አልገደልሁ፣ ሄጄ አስረዳለሁ» ብለው የደንብ ልብሳቸውን አስተኮሱ። ወይዘሮ ምንትዋብ ቢለምኑ፣ ቢያለቅሱ አልሆነላቸውም። ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ ግን ሻለቃ ያን ቃል ከማን አፍ እንደ ወሰዱት ገባቸው። ፊታቸው አመድ መስሎ ቁጭ አሉ። ሻንጣውን መልሰው ፈቱ። ወይዘሮ ምንትዋብ ያን ፈረንሳዊ፣ ምንም ክፉ ቢሆን፣ እስከ ዛሬ ነፍሱን ይማር ይሉታል።

ወዲያው ዙሪክ ገብተው ሽዋመንዲንገን በሚባል ሰፈር ቤት ተከራዩ፤ በጎረቤት ከተማ በቪንተርቱር በአንድ ፋብሪካ የዕቃ ክፍል ሠሩ። የበሩ ደወል ላይ ስማቸውን አልጻፉም። ፖስተኛው ተማረረ፣ የሕንፃው ጠባቂ ተቆጣ፣ እሳቸው ወይ ፍንክች። ሕብስትም ትራም ውስጥ አማርኛ እንዳትናገር ተከለከለች።

በ1970 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ሀብተሥላሴ አዲስ አበባ ላይ «ወንድምህ የት ነው?» እየተባለ ታስሮ ተገደለ። ወሬው እዚህ ሲደርስ፣ መርዶ እንደ አገራችን ወግ በማለዳ ይነገር ተባለ። ከጄኔቭም ከዙሪክም የተሰበሰቡ ወዳጆች በአቶ ፍቅርተማርያም መሪነት፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሊነጋጋ ሲል በሩን አንኳኩ። ሻለቃ በበሩ ቀዳዳ አዩ። ብዙ ወንድ፣ ጥቁር ልብስ፣ ሹክሹክታ። የደርግ ሰዎች መጡብኝ አሉ። ሚስትና ልጃቸውን መታጠቢያ ቤት ቆለፉባቸው፤ ሰዎቹ እሳቸውን ተከትለው እናትና ልጅን እንዲተዉላቸው ብለው ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ዘለሉ። አቤት ያ ጠዋት! ዳሌያቸው ተሰብሮ ሣሩ ላይ ወድቀው፣ መርዶ ነጋሪው ሁሉ ከቧቸው ሲያለቅስ፣ ማንም አፍ አውጥቶ ሳይነግራቸው የሀብተሥላሴን ሞት ተረዱ።

ከዚያ ወዲያ በምርኩዝ ሄዱ። ስለ ሞንብራክ የጀመሩትን መጽሐፍ ከፍርዱ ምዕራፍ አላሳለፉትም። «ሞንብራክ የራሱን አንገት ሰጠ፤ በእኔ ፋንታ ግን ወንድሜ የራሱን ሰጠልኝ» ይሉ ነበር። ቢሄዱማ ሁለታችሁንም እናጣ ነበር ብንላቸው አልሰሙንም። ይህ ያንገበግበናል።

ባለፈው ክረምት በጉበት ሕመም አልጋ ያዙ። ሐኪም ቤትም በሩን እንዲያዩ አልጋቸውን አስዞሩ። ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው፣ የባለቤታቸውን እጅ እንደ ያዙ አረፉ።

ወግ ነውና የቀሩትን እንጥራ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ምንትዋብና ልጃቸው ሕብስት ናቸው። አዲስ አበባ ያሉትን እኅታቸውንና የሀብተሥላሴን ልጆች ግን በስም አንጠራም። እኛ የጻፍነው ዘመዶችም ስማችንን አላኖርንበትም። ይህን ወረቀት ከጸሎቱ ስትወጡ በሩ ላይ ለቆሙት ለወይዘሮ ፈትለወርቅ መልሱ። እኅታቸው ጥቁር ቢለብሱ፣ ለቅሶ ቢቀመጡ፣ ለማን ነው፣ የት እንደ ነበረስ በምን ታወቀ ይባላልና መርዶውን አላረዳናቸውም። አደራ፣ በስልክም በመንገደኛም እንዳያመልጣችሁ። ለገናም እንደ ወትሮው፣ ደኅና ነኝ የሚለውን የሻለቃን ሰላምታ እንልክላቸዋለን።

አምላክ ማሳደድ በሌለበት ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ አሜን።