ስልካችን «አደገኛ ነው» ሲለን እንዳንሰማው ላዘዙን ለእድራችን ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ይታያል ንጋቱ
የላይ ሰፈር መረዳጃ እድር ሰብሳቢ፣ የማኅተሙ ጠባቂ፣ እንዲሁም የ«እድሬ» መተግበሪያ ቀዳሚ ተጠቃሚ
ወገዳ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ከእጅዎ የማይለየው ስልክዎም ጭምር ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የቀድሞ የሳይንስ መምህርዎ፣ የዛሬው ጡረተኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህንነቴን እንዲህ በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈለገኝ መተግበሪያዎ ባለፈው ሰሞን ገድሎኝ ስለነበር ነው፤ ወደዚያ እደርሳለሁ።

በክፍል ውስጥ «አንተ» እያልኩ ያስተማርኩትን ልጅ ዛሬ «እርስዎ» ብዬ ስጽፍለት ኩራት ይሰማኛል። ያን ጊዜም ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ መልሱን በመጻፍ ክፍሉን ይመሩ ነበር። ይህ ፍጥነትዎ እስከ ዛሬ አብሮዎት መኖሩን በማየቴ፣ ያስተማርኩት ትምህርት ቢረሳ እንኳ ጠባይ እንደማይረሳ ተረድቻለሁ።

ደብዳቤውን በግልጽ ስለጻፍኩትና የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለሚያነበው፣ ነገሩን ለማያውቅ እንግዳ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከእድራችን አባል አንዱ ሲሞት የእድሩ ለፋፊ አድማሱ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ጥሩምባ ይነፋ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፍ ነበር። እርስዎ ከተመረጡ ወዲህ ግን ጥሩምባ «ዘመኑን የማይመጥን» ሆኖ ስለተገኘ፣ አድማሱ እንዲያርፍና ሞት በስልክ መተግበሪያ እንዲነገር ተወሰነ። መተግበሪያው ስልኮች ሁሉ ከሚያውቁት መደብር፣ ከፕሌይ ስቶር፣ የመጣ አይደለም፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ከሰው፣ ስልክ ከስልክ እየተቀባበለ የወሰደው ፋይል ነው። በመጪው እሑድ ስብሰባ ደግሞ ያልጫነ ሁሉ ከእድሩ እንዲሰረዝ፣ አድማሱም ጥሩምባውን እንዲያስረክብ ድምፅ ይሰጣል። እኔ አልጫንኩም። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ከእሑድ ወዲያ ሬሳዬን የሚያነሣልኝ እድር የማይኖረኝ ሰው ሆኜ ነውና፣ አንዳንድ ቃል ቢሻክር በዚያው አስበው ይለፉኝ።

ቅሬታዎቼም እንደሚከተለው ናቸው።

፩ኛ. በማኅተምዎ የወጣው ማስታወቂያ፣ ቃል በቃል ለመጥቀስ፣ «ስልካችሁ ይህ መተግበሪያ አደገኛ ሊሆን ይችላል ቢላችሁ አትስሙት፤ ለማንኛውም ጫን የሚለውን ተጫኑ፤ ስልኩ እምቢ ካላችሁ መከላከያውን አጥፉት» ይላል። በአነጋገሩ ግልጽነት እጅግ ረክቻለሁ። እስካሁን እኛ ውሻ ሌሊት ሲጮኽ ተነሥተን በረቱን እናይ ነበር፤ የውሻውን አፍ አስሮ መተኛት የሚባል አዲስ ዘዴ መኖሩን ያወቅነው ከእርስዎ ነው። ለዚህ ትምህርት በሰፈሩ ስም ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

፪ኛ. ቅር እንዳይልዎ፣ ከመደብር ውጭ የመጣ ሁሉ መርዝ ነው የምል ሰው አይደለሁም። ዘር ከጎረቤት አውድማ መውሰድ ያለ ነው፤ ብቻ እንክርዳድ እንዳለው በሰፌድ አበጥሮ ያየዋል እንጂ ማንም እንዳመጣው አይዘራውም። እኔ ራሴ በስልኬ የምጠቀምበት የግዕዝ መዝገበ ቃላት በመደብሩ የለም። ስወስደው ግን ከአዘጋጆቹ ከራሳቸው ድረ ገጽ ወሰድኩት፤ የገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል አየሁ፤ ፋይሉን ማንም እንዳልነካካው ለማወቅ አዘጋጆቹ ያሰፈሩትን ረጅም የቁጥርና የፊደል አሻራ ከወረደልኝ ፋይል አሻራ ጋር አመሳከርኩ። ስልኬ «ከዚህ ምንጭ መጫን ይፈቀድ?» ሲለኝ ፈቀድኩ፤ ጭኜ ስጨርስም ፈቃዱን መልሼ ዘጋሁት፤ እንግዳ ለማስገባት በር የከፈተ ሰው እንግዳው ከገባ በኋላ በሩን ይዘጋልና። መዝገበ ቃላቱም እስከ ዛሬ ቃል ይፈልግልኛል እንጂ ዘመዶቼ እነማን እንደሆኑ ጠይቆኝ አያውቅም።

ክቡር ሆይ፣ እኛ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰዎች፣ የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው የቤተ ልሔም ጎረቤቶች፣ በዚህ ነገር ለሌላው ማስተማር የሚገባን ነበርን። አንድ ሰው መጥቶ «የድጓ መምህር ነኝ» ቢለን፣ ድምፁ አጥንት የሚያለመልም ቢሆን እንኳ፣ «ቤተ ልሔም አስመስክረሃል? ከማን እግር ሥር ተቀመጥህ?» ሳንለው ወንበር አንሰጠውም። እሱም መምህሩን ይጠራል፤ ከዚያ የመምህሩን መምህር ይጠራል፤ እኛም ሐረጉ እንዳልተበጠሰ አይተን ልጆቻችንን እንሰጠዋለን። ይኸው ሕዝብ «እድሬ»ን ከማን ተቀበልህ ቢባል ግን መልሱ እንዲህ ነው፦ ባለቤቴ ፈትለወርቅ ከጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ከዲያቆኑ፣ ዲያቆኑ ከኪዳን ሞባይል ቤት፣ ኪዳን ደግሞ «ከአንድ የቴሌግራም ቻናል»። ከዚያ ወዲያ የሚጠራ መምህር የለም።

ኪዳንን አልወቅሰውም። እድሩ ያሠራው ዋናው ፋይል በቆዩ ስልኮች አልከፈት ሲል፣ «የሚሠራውን ፈልግልን» ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እሱም የሚሠራውን አገኘ። እርስዎም በሰንበቴው ላይ አስቁመው አስጨበጨቡለት። ማን እንደነካካው፣ ምን እንደጨመረበት የጠየቀ አልነበረም። መሥራቱን ግን ልንክድ አንችልም፤ ከታሰበው በላይ ሠርቷል።

፫ኛ. መተግበሪያው ሲጫን የስልክ ቁጥሮችን ሁሉ ማየት፣ መልእክት ማንበብና በባለቤቱ ስም መላክ፣ በመጨረሻም ማያ ገጹን እንዳለ መቆጣጠር እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። አድማሱ ለዚሁ ሥራ ከሰፈሩ የጠየቀው አንድ ኮረብታ ብቻ ነበር። ፈትለወርቅ ለጥያቄው ሁሉ በቅዳሴ መካከል «አሜን» እንደምትል «ፍቀድ»ን እየተጫነች ስታልፍ ደርሼ፣ ምን እንደፈቀደች ጠየቅኳት። «የእድር ነው እኮ! ስለ ሞት ተጠይቆ እምቢ ይባላል?» አለችኝ። 

ቀጥሎ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። መተግበሪያው በየስልኩ ውስጥ ያገኘውን ቁጥር ሁሉ እየለቀመ፣ በባለ ስልኩ ስም፣ «አሳዛኝ ዜና። የሟቹን ስም ለማወቅ ይህን ይጫኑ» የሚል መልእክት መላክ ጀመረ። የተጫነው ሰው ስልክ ላይ የሟች ስም የለም፤ ያው መተግበሪያ ይወርድና ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ተምች እንዲህ አልገባብንም። ሌላ አገር ሰውን «ሽልማት ደረሰዎ» እያሉ ያጠምዱታል ይባላል። እኛን ያጠመደን ስስት አይደለም፤ የሰው ቀብር ያመልጠናል የሚል ፍርሃት ነው። ይህን ወጥመድ የሠራው ሰው፣ የትም ይኑር የት፣ ከእርስዎ ይልቅ እድርን ያውቃል።

መልእክቱ ከፈትለወርቅ ስልክ ተነሥቶ መካነ ኢየሱስ ለምትኖረው ታላቅ እኅቷ ለዕፀገነት ደረሰ። የእሷ ስልክ አሮጌ ስለሆነ፣ ተመስገን፣ ሊንኩን አልከፈተም። ብትደውል የእኅቷ ስልክ ዝግ ሆነባት፤ ለካ ፈትለወርቅ መልእክቱ አልቆም ሲላት ደንግጣ አጥፍታዋለች። ዕፀገነትም የእኛ ቤት ሟች ከእኔ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል ብላ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ መኪና እየለዋወጠች፣ ያንን መንገድ ተንገላትታ መጣች። ለቅሶዋ ከመታጠፊያው ጀምሮ ይሰማ ነበር። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።

«ወይ ጉዴ! አንተ ነህ?» አለችኝ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ቀጥላም፣ ደስታና ንዴት በተቀላቀለበት ድምፅ፣ «ታዲያ ይኸን ሁሉ አቧራ የጠጣሁት ለደህና ሰው ነው?» አለች። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ግጥም ባክኖ እንዳይቀር ብላም ቁጭ አድርጋ አሰማችኝ፦

«ጠመኔህን ይዘህ ወዴት ትሄዳለህ፣
የሞትን ስሕተት ማን ያርመዋል ብለህ።»

የራሱን ሙሾ ተቀምጦ የመስማት ዕድል የገጠመው ሰው በሰፈራችን ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ይህንንም ከእድሩ አዳዲስ አገልግሎቶች አንዱ አድርገው በሪፖርትዎ ሊያካትቱት ይችላሉ። በግጥሙ ላይ ያለኝ እርማት አንድ ብቻ ነው፤ በቀጣዩ ስንኝ የሒሳብ መምህር አድርጋኛለች።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያስቃል፤ እኛም ስቀናል። የሚቀጥለውን ቅሬታ ግን ቁጥር ልሰጠው አልፈለግሁም።

ከዚያ ሰሞን በኋላ ሰፈሩ አንድ ነገር ተማረ፤ «አሳዛኝ ዜና» የሚል መልእክት ሲመጣ አለመክፈትን። ጎበዝ ተማሪዎች ሆንን። እማሆይ አመተ ሥላሴ ያረፉት ሁላችንም ትምህርቱን በሚገባ ከያዝን በኋላ ነበር። ልጅ የላቸውም፤ ዘመድም የላቸውም፤ የነበራቸው እድር ነው። እርስዎ በመተግበሪያው አስታወቁ፤ ስልኮችም ከዳር እስከ ዳር ጮኹ፤ ማንም አልከፈተም። አስከሬኑ በሚወጣበት ሰዓት በግቢያቸው የነበርነው በዕድሜ የገፉት ካህናት፣ አጥር የሚያዋስነን እኔና ፈትለወርቅ፣ አድማሱም ነበርን። ቃሬዛው መሬት ላይ ነበር። ከመካከላችን ለማንሣት አቅም ያለው አድማሱ ብቻ ነበር፤ ቃሬዛ ደግሞ በአንድ ሰው አይነሣም።

አድማሱ ካህናቱን፣ «አባቶቼ፣ ትንሽ ታገሡኝ» ብሎ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ጥሩምባው ከኮረብታው ተሰማ። ከዚያ ያየሁትን እርስዎ ቢሮ ስለነበሩ አላዩትምና ልንገርዎ፤ ሰው መንሹን በየአውድማው ጥሎ፣ ገለባው ከፀጉሩ ሳይራገፍ፣ ከታች ከላይ እየሮጠ መጣ። እማሆይ በሰው ትከሻ ተሸኙ። አንዱ እያለከለከ ደርሶ፣ «በስልክማ መጥቶልኝ ነበር፤ እንደለመደው ውሸት መስሎኝ ነው» ብሎ አለቀሰ። በማግስቱ ለአድማሱ ማኅተም ያለበት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ጥፋቱም «ያለ ፈቃድ ጥሩምባ መንፋት» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ስልኩ ሲያስጠነቅቀን «አትስሙት» ብለውን ሳለ፣ እርስዎ ሲያስጠነቅቁ እንድንሰማዎ መፈለግዎ አስተማሪ ነው።

በእሑዱ ስብሰባ የምናገረውን አስቀድሜ እነሆ፤ ድንገተኛ ፈተና ተማሪ ሲያስለቅስ ስላየሁ አልወድም። መተግበሪያ ይቅር አልልም። መጀመሪያ በየስልኩ የገባው ይውጣ፤ ኢንተርኔቱ ይዘጋ፣ የሰጠነው ፈቃድ ሁሉ ይነሣ፣ ከዚያ ይሰረዝ፤ እምቢ ካለም ስልኩ አዋቂ ዘንድ ሄዶ ጨርሶ ይጽዳ፤ ያጠፋነው መከላከያ ተመልሶ ይብራና ስልኩን ይፈትሽ። በስልኩ የባንክ ሥራ የሚሠራ ሰው ምስጢር ቁጥሩን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ይቀይር። ቀጥሎ የመተግበሪያው ሠሪዎች አሮጌ ስልክ ላይ የሚሠራውን ራሳቸው ያስተካክሉ፤ ቢቻል መደብሩ ላይ ያውሉት፤ ካልተቻለ የራሳቸውን አድራሻና የፋይሉን አሻራ በማስታወቂያ ሰሌዳው እንለጥፍ፤ ማኅተምዎም በመጨረሻ የሚያትምበት ቁም ነገር ያገኛል። መርዶ ለመንገር የዘመዶቼ ቁጥር ለማንም አያስፈልግምና ያንን የሚጠይቅ ከሆነ አንጫነውም። ስልክ የሌለውም፣ ያለውና የማይጭነውም ከእድሩ አይሰረዝ።

ጥሩምባው ደግሞ በአድማሱ እጅ ይቆይ። ስለ ደህንነት ለሚጨነቅ ሰው ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። ሲነፋ ማን እንደነፋው ኮረብታው ላይ ቆሞ ይታያል።

ጊዜዎን ሰውተው ይህን ሁሉ በማንበብዎ፣ ካነበቡት ማለቴ ነው፣ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ማኅተምዎ አይድረቅ፤ ባትሪዎ አይለቅ፤ ሰብሳቢነትዎ የሚሰበሰብ ሰው አይጣ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
እስከ እሑድ ድረስ የእድርዎ አባል፣
ኢዮብ ተክለሃይማኖት
ጡረተኛ መምህር፣ በሕይወት ያለ

ማስታወሻ፦ ፊርማዬን አኑሬ ብዕሬን ስከድን ከእርስዎ ስልክ መልእክት ደረሰኝ። «አሳዛኝ ዜና። የሟቹን ስም ለማወቅ ይህን ይጫኑ» ይላል። አልተጫንኩትም። ፈትለወርቅ ግን «እውነት ቢሆንስ?» ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ በር ላይ ቆማለች፤ ዕፀገነትም ከመካነ ኢየሱስ ደውላ ግጥሙን መጀመሯን፣ ይኸኛው እንደማይባክንባት ተስፋ ማድረጓን ነግራናለች። ስለዚህ በሕይወት ካሉ ከእሑድ በፊት በአካል ብቅ ብለው እንዲታዩን በትሕትና እለምናለሁ። ምናልባት ከሌሉ ግን፣ ለቀብርዎ ሰው የሚጠራልን እንዳናጣ፣ የአድማሱን የጥሩምባ ፈቃድ ፈርመው ይተዉልን።