ለአሮጌ ጠመንጃ አረር ሲለኩ የኖሩት የአቶ ይርጉ ወልደ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ በጸሎት የምንሸኛቸው አቶ ይርጉ ወልደ ሥላሴ፣ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሥላሴ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጽጌ አየለ በኅዳር ወር 1919 ዓ.ም. በአንኮበር አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ብረት ሠሪ ነበሩ። አቶ ይርጉም ዳዊት ከደገሙ በኋላ እሳትና ብረት ከአባታቸው ተማሩ።

በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው በአንድ የጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል ተቀጠሩ። ሙያውን ያስተማሯቸው አቶ ገብረሕይወት የሚባሉ አዛውንት ባለሙያ ናቸው። በዚያ ዘመን እንደ ውጅግራ ላሉ አሮጌ ጠመንጃዎች የሚሆን ጥይት ስለማይገኝ፣ እርሳስ አቅልጦ አረር ማውጣትና ባዶ ቀለህ እንደገና በባሩድ መሙላት የዕለት ሥራቸው ነበር። ከባዱ ነገር ልኩ ነው። አሮጌ ጠመንጃ አፈሙዙ በአገልግሎት ብዛት ስለሚሰፋ ወፈር ያለ አረር ይፈልጋል፤ አረሩ ከመጠን በላይ ከወፈረ ግን ቀለሁ ጥይቱ በሚያርፍበት ጎድጓዳ ውስጥ ተጣብቆ አረሩን መልቀቅ ያቅተዋል። ያን ጊዜ እሳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ስለዚህ አቶ ይርጉ ድኝ አቅልጠው በጎድጓዳው ውስጥ ያፈሱና ሲረጋ አውጥተው ይለኩ ነበር።

በ1947 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማንአልሞሽ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው እናኑንና ሰለሞንን አፍርተዋል።

በ1950 ዓ.ም. አቶ ገብረሕይወት አንድ የተጠገነ ጠመንጃ ሲሞክሩ መሣሪያው ወደ ኋላ ፈንድቶ ቀኝ ዐይናቸው ጠፋ። መርማሪዎቹ ጠመንጃው ስላረጀ ነው ብለው መዝገቡን ዘጉት። አቶ ይርጉ በዚህ ነገር ላይ ምንም ቃል አልሰጡም። ከዚያ በኋላ ግን በር ሲላተም ይደነግጡ እንደነበር ወይዘሮ ማንአልሞሽ ይናገራሉ።

በ1972 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው በሱዳን በኩል ከአገር ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያትል ገቡ። መጀመሪያ በአንድ ሆቴል ሳህን አጠቡ፤ በ1983 በአቅራቢያው ሬንተን ከተማ ባለ አነስተኛ የጠመንጃ መጠገኛ ቤት ሥራ አገኙ።

ኦክቶበር 13 ቀን 1984፣ ቅዳሜ የሆነውን ነገር እንዳይደበቅ ራሳቸው አደራ ስላሉ እንናገረዋለን። ኦልሰን የሚባል ደንበኛ አያቱ ከኖርዌይ ይዘውት ለመጡት ጠመንጃ ሃያ ጥይት አሠርቶ፣ ጠዋት ወሰደ። እሱ ከሄደ በኋላ አቶ ይርጉ ጠረጴዛውን ሲያጸዱ፣ የመጨረሻዎቹን ስምንት ጥይቶች የሞሉባቸው ቀለሆች ከሌላ ሣጥን የወጡ መሆናቸውን አዩ። የተረፈውን አንድ ባዶ ቀለህ አንሥተው ለኩት። አረሩን የሚይዘው የቀለሁ ከንፈር ከመጀመሪያዎቹ ይወፍራል፤ ይህም እንደ ወፈረ አረር ያጣብቃል። በጠመንጃው ውስጥ የሞከሩት ግን ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ብቻ ነበር።

ኦልሰን ቤት ሲደውሉ ሚስቱ ወደ ተኩስ መለማመጃው ሄዷል አለቻቸው። ወደ መለማመጃው ደወሉ፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። መኪና መንዳት አይችሉምና ለእህታቸው ልጅ ለየኔነሽ ደወሉላት። ይህን ታሪክ የጻፈችው እሷ ናት። ከነሥራ ልብሷ መጣች። ዝናብ ነበር፤ አውራ ጎዳናውም ተጨናንቋል።

"ጋሼ፣ ፖሊስ ኮል ላድርግ?" አለቻቸው።

"ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ንጂ።"

እጃቸውን በጉልበታቸው መካከል አጣብቀው ይዘው ነበር። ብዙ ከሄዱ በኋላ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ "የጋሼ ገብረሕይወትን ዐይን ያጠፋው ጥይት የኔ ሥራ ነው" አሉ። "አልለካሁትም። ቸኩዬ ነበር። ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ።"

የኔነሽ ፍጥነት ጨመረች እንጂ አላጽናናቻቸውም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይጸጽታታል።

ሲደርሱ የተኩስ ድምፅ ይሰማ ነበር። አቶ ይርጉ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈቱ። በእያንዳንዱ ተኩስ ትከሻቸው ይሸማቀቅ ነበር፤ እየተሸማቀቁም ሮጡ። ኦልሰን አሥራ ሁለቱን በሰላም ተኩሶ ጨርሷል። አሥራ ሦስተኛው ጥይት አልገባ ብሎት፣ የጠመንጃውን መዝጊያ በመዳፉ እየመታ ሊያስገድደው ይታገላል። አቶ ይርጉ እንግሊዝኛው ጠፋባቸው።

"ተው! አትዝጋው!" ብለው በአማርኛ ጮኹ።

ሰውየው ቃሉን አልተረዳውም። ፊታቸውን ግን አየና እጁን ከመዝጊያው አነሳ።

ጥይቱን በቀስታ አውጥተው በመዳፋቸው ያዙት። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን፣ ቢዘጋው ምን ይደርስበት እንደነበር ነገሩት። ኦልሰን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። በኋላ፣ "ባትነግረኝ ኖሮ ጠመንጃውን እወቅስ ነበር" አለ።

ሰኞ ለአሠሪያቸው ራሳቸው ተናገሩ። ከሥራ አልተባረሩም፤ እሳቸው ግን ሦስት ወር ሙሉ አንድ ጥይት ለመሙላት እጃቸው እምቢ አላቸው። በዚያው ሰሞን ለአቶ ገብረሕይወት ደብዳቤ ጻፉ። ከስምንት ወር በኋላ መልስ ደረሳቸው፤ የጻፉት የአቶ ገብረሕይወት ባለቤት ናቸው። አቶ ገብረሕይወት ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል ይላል። አቶ ይርጉ ደብዳቤውን ለማንም ሳያነቡ አጥፈው አስቀመጡት። ሥራቸውን እንደገና ጀምረው እስከ 1987 ሠሩ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷን ጥይት በራሱ በባለቤቱ ጠመንጃ ሳይሞክሩ አስረክበው አያውቁም። ይህን ያደረጉት በድፍረት አይደለም። በየጠዋቱ እየፈሩ ነው የሚወጡት።

በዚያው ዓመት ማብቂያ የጉበት ሕመም ጸናባቸው። የንስሐ አባታቸው ቄስ ኃይለ መስቀል ሆስፒታል ሲጠይቋቸው፣ "አባቴ፣ ፈርቻለሁ" አሏቸው። ቄሱም ወንበር ስበው፣ እጃቸውን ይዘው፣ "እኔም ብሆን እፈራለሁ" አሏቸውና ከአጠገባቸው ሳይነሱ ዋሉ።

በማግስቱ፣ የካቲት 30 ቀን 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1988)፣ አማርኛ ሲያናግሩት በእንግሊዝኛ መመለስ የለመደው ልጃቸው ሰለሞን "አባታችን ሆይ" ማለት ጀመረላቸው። "የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ" ብሎ ቀጣዩ ጠፋበት። አቶ ይርጉ በደከመ ድምፅ ተቀብለው፣ "በደላችንንም ይቅር በለን" አሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ማንአልሞሽ፣ ልጆቻቸው እናኑና ሰለሞን፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ እህታቸው ወይዘሮ ውባንቺና የእህታቸው ልጅ የኔነሽ ከኋላቸው ቀርተዋል።

የሚፈራውን ሰው የማይንቅ አምላክ ነፍሳቸውን በይቅርታው ይቀበልልን፤ በዚህ ዓለም ያላገኙትን፣ ድንጋጤ የሌለበትን እንቅልፍ ይስጥልን። ለእኛም ለቀረነው መጽናናቱን ያድለን። አሜን።