የሐዋሳ ሽማግሌ፣ አባባ ጉልላት

በአስከሬን ፊት ሐሰት አይነገርም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ቃል ያልተጨመረበት፣ እንዲያውም ለትሕትና ሲባል የተቀነሰበት እውነት ነው።

አቶ ጉልላት ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ሸምሱና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርቱካን፣ በጉራጌ ደጋ እንዝረ በምትባል መንደር በ1910 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል በአንድ ክረምት ጨርሰው መምህራቸው የሚያስተምሯቸው ቢያጡ፣ ልብስ ስፌት ተማሩ። በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሙሉመቤት ጋር ተጋብተው ብርቅዬንና ክብሩን ወለዱ። ዘገዩ የሚል ካለ፣ ጀግና አይቸኩልም።

የእንዝረ ወጣት ወደ ከተማ ነጉዶ ሲያልቅ መንደሯ የአዛውንት ብቻ ሆነች። አቶ ጉልላትም “አንተ ልጅ!” እየተባሉ ጣራ ይከድኑ፣ እህል ወፍጮ ያደርሱ፣ ሬሳ ይሸከሙ ነበር። በዚያ ደጋ መቶ ያልዘለለ ሁሉ ጎረምሳ ነውና አይደንቅም።

በ2003 ዓ.ም. ሐዋሳ መጥተው ፒያሳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ሲተክሉ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሐዋሳ የወጣት ከተማ ናት፤ ሁሉም ወላጁን አገር ቤት ትቶ የመጣ ስለሆነ፣ ሊያገባ ሲል ለልጅቷ ቤተሰብ የሚልከው ሽማግሌ ያጣል። ነጭ ጢማቸውን ያየ ሁሉ “አባባ፣ ይቁሙልኝ” እያለ ሱቃቸውን አጨናነቀው። ሳይልካቸው የተጋባ ቢኖር የሐይቁ አሣ ብቻ ነው። ለባጃጅ ሹፌሩ ለፊልሞን ሲላኩ የልጅቷ አባት ቢያንገራግሩ፣ “በዚህ ዕድሜዬ ደጅዎ ላይ አድራለሁ፤ ብሞት ሬሳዬ የእርስዎ ነው!” አሏቸው። አባትየውም ሳይመክሩ “እሺ አባባ” አሉ።

አደራቸው አንድ ነበር፦ “ዳግመኛ ‘አንተ ልጅ’ እንዳልባል። አባባ ተብዬ ልሸኝ።”

በስኳር ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ108 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ከእንዝረ የመጡትን እህታቸውን እማማ ጸሐይወርቅን ትተዋል። በዳሯቸው ሁሉ ደጅ ቆመው የመረቁ ናቸውና፣ ፈጣሪ በእርሱ ደጅ አያቁማቸው፤ ያስገባቸው።

ይህ ጽሑፍ ትናንት ለቤተሰቡ ሲነበብ እማማ ጸሐይወርቅ “የእኔም ቃል ይግባበት” ስላሉ፣ እንዳሉት ሰፍሯል። ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ በለሆሳስ፦

“ጉልላቴን በተወለደ ሰሞን ሳዝለው ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ዘንድሮ ሰባ አምስቴ ነው። ልጅ ነው የሞተብኝ። አባባ ብላችሁ ስለምትሸኙልኝ ግን፣ እናንተም እርጁ።”