ከኪዮስኩ አጠገብ ለምትቆሚው ለፈንታዬ

ፈንታዬ፣ የቤቴ ሰው፣

እንዴት ሰነበትሽ ልል ብዬ ብዕሬን አነሣሁና አፈርኩ። መሰንበቱስ የኛ ሆነ። ከተለየሽን ዓመት አልፎናል። ተዝካርሽን አውጥተን፣ ዘመድ ወዳጁ ወደየቤቱ ከተመለሰ ገና ጥቂት ጊዜው ነው። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ከማን ጋር እንደማወራ ጠፋኝና ካንቺው ጋር ላውጋ አልኩ። እንደ ልማዴ ነገር አስረዝማለሁ፤ አንቺም እንደ ልማድሽ እያንጎላጀሽም ቢሆን ስሚኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ለሕንጻችን ሊፍት ገባለት። አዎ፣ ያ የገበያ ዘንቢል አንጠልጥለሽ፣ በየፎቁ እያረፍሽ፣ የሕንጻውን ኮሚቴ እየረገምሽ የወጣሽው ደረጃ ዛሬ የልጆች መጫወቻ ሆኗል። ሊፍቱ ሥራ የጀመረ ለት ጎረቤቱ ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ግን ተናድጄ በእግሬ ወጣሁ። እስከ ዛሬም በእግሬ ነው። ልጅሽ ሲጋል "አባ፣ ለጉልበትህ እኮ ነው" ትለኛለች። ድሮ ቢሆን "ሯጭ ነኝ እኮ" እላት ነበር። ሩጫውን ከተውኩ ወዲህ ግን ያም ቀረ።

በረንዳው ላይ በቆርቆሮ የተከልሽው ጤና አዳም ደግሞ ሊሞትብኝ ነበር። ውኃ አበዛሁበት። የቀረኝ ያንቺ ነገር እሱ ይመስል በየጠዋቱ አጠጣዋለሁ፣ እሱም በየጠዋቱ ይጠወልጋል። በመጨረሻ ሲጋል ተቆጥታ ከእጄ ቀማችኝና ተረፈ። አሁን ለምልሟል፤ ሳልፍ ቅጠሉን ነካ አድርጌ እጄን አሸታለሁ።

አዎ፣ መሮጥ ትቼ ነበር። ጫማዬን ከበሩ ኋላ ወረወርኩትና አቧራ ጠጣ። የሩጫ ክለባችን አሠልጣኝ ቦሪስ በየሳምንቱ ይደውላል። እሱ ከሩሲያ፣ እኔ ከጎንደር ባመጣነው ዕብራይስጥ ይኸን ሁሉ ዓመት እንዴት እንደተግባባን ይገርመኛል። "የክረምቱ ሩጫ ደርሷል፣ ስምህን ላስገባ?" ሲለኝ "ጉልበቴን አሞኛል" እላለሁ። ላንቺ እውነቱን ልንገርሽ፤ ጉልበቴ ደኅና ነው። የፈራሁት ኪዮስኩን ነው። እዚያ ደርሼ አንቺን ሳጣሽ ምን ልሆን እንደምችል አላውቅም ነበር።

ይኸ አገር ክረምቱ የሚገባው የኛ አገር ሰማይ በሚጠራበት ጊዜ ነው። ስንት ዓመት ኖረሽበት እንኳ አልለመድሽውም፤ ብርዱን እንደ ክፉ ጎረቤት ትሰድቢው ነበር። ግን ሩጫ ባለ ቀን ከምትሠሪበት የአረጋውያን ቤት ወጥተሽ በቀጥታ ወደ ክርያት ያም ባሕር ዳርቻ ትመጫለሽ። ያ በበጋ አይስክሬም የሚሸጥበት ኪዮስክ በክረምት ዝግ ነው፤ አንቺ ከዳሱ ሥር ቀዩን ጃንጥላሽን ዘርግተሽ ትቆሚያለሽ። ማሞቂያው ላይ ያደረቅሽውን የሱፍ ካልሲ በፌስታል ጠቅልለሽ ብብትሽ ሥር ትይዥልኛለሽ።

አቪና ጓደኞቹ ከሠራዊቱ ወጥተው ክለባችን የገቡበትን ክረምት ታስታውሻለሽ? ነፋሱ አሸዋ እያነሣ ፊታችንን ይገርፈናል። እኔ ከፊት ነበርኩ። የልጆቹን ኮቴ ከኋላዬ እሰማለሁ፣ ግን አንድም የሚያልፈኝ የለም። ልቤ እንዴት እንዳበጠ! በዚህ ዕድሜዬ እነዚህን ጎረምሶች አስከተልኳቸው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ለካ ልጆቹ አባታቸውን የሚያክል ሰው ቀድሞ ማለፍ ነውር ሆኖባቸው ነው! እናቶቻቸው "በታላቅ ሰው ፊት አትለፍ" እያሉ ያሳደጓቸው የኛው ልጆች አይደሉ? የሌላው ክለብ ሯጮች በግራ በቀኝ ጥለውን ይሄዳሉ፣ እኛ ግን ለቅሶ ደራሽ ይመስል ተደርድረን እንሄዳለን። ቦሪስ ከዳር እየሮጠ "ካዲማ! ወደ ፊት!" እያለ ይጮኻል። ልጆቹ እሱን ያያሉ፣ መልሰው ጀርባዬን ያያሉ፣ ከቦታቸው ግን ንቅንቅ የለም።

ነገሩ የገባሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ጃንጥላሽን ጥለሽ መንገዱ ላይ ወጣሽና "ምን ትጎተታላችሁ! እለፏቸው ልጆቼ፣ እለፏቸው! እሳቸው ሲደክማቸው እኔ አለሁ!" አልሽ።

ያን ጊዜ ነበር ማየት። አቪ "ስሊኻ ጋሼ፣ ይቅርታ" እያለ ተፈተለከ። ሌላውም ይቅርታ፣ ሌላውም ይቅርታ። አንዱማ እየሮጠ ጎንበስ ብሎ እጅ ሊነሣኝ ሲል በአፍንጫው ሊደፋ ነበር። እኔ አኩርፌ መጨረሻ ገባሁ። አንቺ በአቋራጭ ቀድመሽኝ መጨረሻው ጋ ካለው ግንብ ላይ አስቀመጥሽኝና እርጥቡን ካልሲ አውልቀሽ ደረቁን አጠለቅሽልኝ። "በሰው ፊት አዋረድሽኝ" ብዬ ባጉረመርምም ሳቅሽ አላስችል ብሎሽ እግሬን ይዘሽ ትንቀጠቀጫለሽ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ብቻዬን ሆኜ በዚያ ነገር ስቄያለሁ።

ከዚያ ወዲያ በየክረምቱ ልማድ ሆነ። እስከ ኪዮስኩ ማንም አያልፈኝም፤ ያንቺን ድምፅ ሲሰሙ እንደ ተፈታ ጥጃ ይሄዳሉ። ቦሪስ መጀመሪያ ፀጉሩን ነጨ። ኋላ ግን ስልት አደረገውና "እስከ ፈንታነሽ ድረስ ጉልበታችሁን ቆጥቡ" ይላቸው ጀመር። በዚህ ስልት ዋንጫም በልተናል።

እና ዘንድሮ የሆነውን ልንገርሽ። በተዝካርሽ ማግስት አቪ የተዋስነውን ወንበር ሊመልስልኝ መጣ። ጫማዬን ከበሩ ኋላ አየው። አንሥቶ አቧራውን በእጁ ጠረገና "ጋሼ፣ አንተ ከሌለህ ከማን ኋላ ነው የምንሮጠው? ዓርብ ለሩጫው ትመጣለህ፣ ቤሰደር? እሺ?" አለኝ። አየሽ፣ አንቱ ማለቱን ይኸ አገር አስረስቶታል፣ ቀድሞ ማለፉን ግን ዛሬም ይፈራል። እምቢ የምልበት አቅም አጣሁ።

ሄድኩ፣ ፈንታዬ። ከካርሜል ተራራ በኩል ደመናው ወርዶ ዝናቡ እንደ ጠጠር ይመታናል። ኪዮስኩ ከሩቅ ታየኝ። የብረት መዝጊያው ወርዷል፤ ከዳሱ ሥር ማንም የለም። ዓይኔን አዙሬ አለፍኩት። ካለፍኩት በኋላ ግን ጆሮዬ ነቃ፤ ኮቴያቸው አሁንም ከኋላዬ ነው። አንድም አላለፈኝም። ያንቺን ድምፅ እየጠበቁ ነበር። ዝም ብል እስከ መጨረሻው ከኋላዬ ሊያዘግሙ ነው። የሌላው ክለብ ሰዎች ደግሞ እየራቁ ነው።

ዘወር አልኩና "እለፉ ልጆቼ! እለፉ ብላችኋለች!" ብዬ ጮኽኩ።

በዚህኛው ይቅርታ ያለኝ የለም። አቪ ትከሻዬን ዳሰስ አድርጎኝ ሄደ። ሌሎቹም እንደሱ አንድ በአንድ እየነኩኝ ሄዱ። ከባሕሩ ጋር ብቻዬን ቀረሁና ያን ጊዜ አለቀስኩ። በቀብርሽም በተዝካርሽም እንዲያ አላለቀስኩም። ዝናቡ ሸፈነልኝ።

መጨረሻው ጋ ደርሼ ከግንቡ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ካልሲ የለም። ለካ በሩጫ ዘመኔ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ለራሴ ካልሲ ይዤ አላውቅም! ቦሪስ አየኝና የራሱን አውልቆ ሰጠኝ። ይሸታል፤ ግን ሞቃት ነበር። ብታዪን በሳቅ ትሞቺ ነበር።

የኔ ፈንታዬ፣ አልረሳሽም ብሎ መጻፍ ለማንም ቀላል ነው። እኔ የምገባልሽ ቃል ይኸ ነው፤ ጤና አዳምሽ ላይ ውኃ አላበዛም። ካልሲዬን ራሴ ማሞቂያው ላይ አደርቃለሁ። እግሬ እስካልከዳኝ ድረስ በየክረምቱ ኪዮስኩ ጋ ስደርስ ባንቺ ስም ልጆቹን እለቃቸዋለሁ። ሁለተኛውን ቃልሽን ግን አልጮኸውም፤ እሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ልጆቹ ሄደው፣ ከኪዮስኩ ወዲያ ያለውን መንገድ ብቻዬን ስሮጥ፣ ሲደክመኝ፣ እሱን እሰማለሁ። እኔ አለሁ ብለሻል።

ያንቺው መለሰ
ክርያት ያም፣ ሀይፋ