መጽሐፉ ለማን ይሆናል?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ገበያ ወጣሁ፣ ሀቡ መጽሐፍ ሻጩ ጋ። ከተማችን ካኖ በአቧራ ታፍናለች፤ የበረሃው ንፋስ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። ለቅዳሜው የሬዲዮ ፕሮግራሜ መጽሐፍ መረጥኩ። ለሕፃናት የጅብና የጥንቸል ተረት፣ ሥዕሉ ያማረ። ለአሥራ አራት ዓመት ልጆች ፍቅሩ በሠርግ ሳይሆን በፈተና የሚያልቅ (እናቶቻቸው ያመሰግኑኛል፣ እነሱ ይረግሙኛል)። ለባልቴቶች ክፉ ጣውንት የምትቀጣበት። እሱን ካጡ አያስቀምጡኝም። ለወንዶች ደግሞ ሽፋኑ ላይ ሴት የሌለችበት። “ለሚስቴ ነው” እያሉ የሚገዙት እነሱ ናቸው፣ ሽፋኑ ካሳፈራቸው ግን አይነኩትም።

ሀቡ አንድ ጨመረልኝ። ቀጭን፣ አረንጓዴ ልባስ። “የተቆረጠው ቅርንጫፍ፣ ክፍል አንድ”። ደራሲዋ ስሟን አልጻፈችም፤ “ጎረቤታችሁ” ብላ ፈርማለች።

“ማናት?”

“እኔ ምን አውቄ ሐጂያ! በሰው እጅ ነው የመጣልኝ።”

“በማን እጅ?”

ሳቀ። ሀቡ ሲስቅ ዓይኑ ጣሪያ ይወጣል። ሲዋሽም እንደዚያው ነው። ነገር ሸተተኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

አነበብኩት። ባላነበብኩት።

ቤቱ ቤቴ ነው! ግቢው ውስጥ አንድ ጎኑ የተቆረጠ የኒም ዛፍ አለ። ባልየው ወደ ሴቶቹ ግቢ ከመግባቱ በፊት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል... ልክ እንደኔው ባል፣ እንደ አልሃጂ። የመጀመሪያዋ ሚስት መነጽሯን በክር አስራለች፣ ገጽ ስትገልጥ ጣቷን ትልሳለች። ይህን ስጽፍ እንኳ ጣቴ አፌ ውስጥ ነበር።

አንዷን መስመር በቃሌ ይዣታለሁ። “የከተማው ልጅ ሁሉ ምን ማንበብ እንዳለበት ታውቃለች፤ በገዛ ግቢዋ ያለው ምን እንደበላ ግን አታውቅም።”

እኔ? እኔ ነኝ የማላውቀው?

ማን ነው የጻፈው? ቤቱ ውስጥ ያለነው አልሃጂ፣ እኔ፣ ጣውንቴ ዙላይ ነን። ሠራተኛዋ ፊደል አታውቅም። ደግሞ ባለፈው ወር ከዛሪያ ከተማ ለሠርጓ የመጣችው የዛሪያዋ አለች፣ እሷ እንኳ እንግዳ ናት።

ዙላይ ናት። ሌላ ማን አለ? ዛሬም ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ስልኳ ላይ ስትጽፍ ነበር። የዛሪያዋ አጠገቧ ሆና ፀጉሯን ትሠራታለች። እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ፕሮግራሙ ደህና አለፈ። ስለ አረንጓዴው መጽሐፍ ትንፍሽ አላልኩም።

ከካዱና ከተማ ለፕሮግራሜ የምትደውለው ልጅ፣ የካዱናዋ፣ ዛሬም አልደወለችም። ትንሽ ሆና ነው የጀመረችው። “ሐጂያ፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ትመርጫለሽ?” ብላ። ከዚያ ለአሥራ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ለአሥራ ስድስት... በመጽሐፍ እኔ ነኝ ያሳደግኳት ማለት ይቻላል። “ልጄ” እላታለሁ። ሬዲዮ ላይ ማን ይከለክለኛል? ካለፈው ወር ወዲህ ድምፅዋ የለም። ታማ ይሆን? ወይስ ስልኳን የሚነጥቅ ባል አገባች?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ዙላይን ገበያ አየኋት። ሀቡ ሱቅ በር ላይ። መሸፈኛዋን ፊቷ ላይ ስባ፣ ትልቅ ፖስታ ሰጥታው ውልቅ አለች።

ማታ በምግብ ላይ “ዛሬ የት ዋልሽ?” አልኳት።

“ትምህርት ቤት ነዋ ያያ።” ታላቋ ስለሆንኩ ያያ ትለኛለች። አፏ ማር ነው።

“ገበያስ?”

“ኮሳይ አማረኝና ለአንድ አፍታ...” ኮሳዩንም አውጥታ ሰጠችኝ! ትኩስ የባቄላ ጥብስ ነበር። በላሁት። እየተጠራጠርኩ በላሁት።

ምን ፈልጋ ነው? መቼም ዝም ብሎ አይጻፍም። ክፍል አንድ የሚያልቀው ባልየው “በዚህ ቤት አንዲት ሴት በዝታለች” ሲል ነው። ከተማው በኔ ላይ ሲስቅ አልሃጂ ያፍራል፣ ሲያፍር ይፈታኛል፣ እሷ ትልቁን ክፍል ትይዛለች። ይኼው ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ወጥመድ አጠመድኩ። ሀቡ እንደሚለው ክፍል ሁለት ገና እየተጻፈ ነው፣ ምዕራፉ እየተቆራረጠ ይደርሰዋል። ስለዚህ ለዙላይ ያልነበረ ታሪክ ነገርኳት። እንባ እየጠራረግሁ።

“ለማንም እንዳትነግሪ። ሙሽራ ሳለሁ የአማቴን ገንቦ ሰብሬ ስብርባሪውን ጉድጓድ ከተትኩ። በሠራተኛዋ ተሳበበ፣ ተባረረች።”

“ውይ ያያ! ምስኪን!” አለችኝ። አቀፈችኝ ደግሞ።

ገንቦው መጽሐፉ ላይ ይውጣ ብቻ። አበቃላት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

ሦስት ሰው ስለ አረንጓዴው መጽሐፍ ጠየቀኝ። “ገና አላነበብኩትም” አልኩ። ዋሸሁ። አንዷ ባልቴት “ባለ መነጽሯ ሴት አንቺን አንቺን ትመስለኛለች” ብላ ሳቀች። ከተማው ሁሉ ሳቀ ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

ዛሬ ለአረንጓዴው መጽሐፍ ልኩን ሰጠሁት። ማይኩን ያዝኩና እንዲህ አልኩ፦ “የተቆረጠው ቅርንጫፍ ለልጅ አይሆንም፣ መራራ ነው። ለሙሽራ አይሆንም፣ ቤቷን ያስጠላታል። ለአሮጊት አይሆንም፣ ደራሲዋ ለታላቅ ክብር የላትም። ይህ መጽሐፍ ለማንም አይሆንም። የጻፈችውም ብዕሯን ጥላ ገንፎ ማገንፋት ትልመድ።”

በሕይወቴ መጽሐፍ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። መጥፎ ነው ስል እንኳ የሚሆነው አንድ ሰው እፈልግለታለሁ። ዛሬ ግን ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ የዙላይን ፊት አየሁ። ቲማቲም ትከትፋለች። ምንም! ይቺ ልጅ ድንጋይ ናት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

የዛሪያዋ ከትናንት ጀምሮ አልበላችም አሉ። አሟት ይሆናል። ዙላይ ፉራ፣ የማሽላ ድብልብል፣ በወተት በጥብጣ ወሰደችላት። እኔ አልገባሁም፣ ወጉ አይደለም።

ወጉ... በኩር ልጄ ናት። የበኩር ልጅ ስም ከእናት አፍ አይወጣም፣ ፊት ለፊት አይታይም፣ አይታቀፍም። ነውር ነው። ጡት ስትጥል የአልሃጂ እህት ወደ ዛሪያ ወሰደቻት፣ እዚያው አደገች። እኔም ለእናቴ በኩር ነበርኩ። ስሜን አንድ ቀን ሳትጠራ ሞተች። “ያቺን ጥሩልኝ” ነበር የምትለው። ምን ሆንኩ? አልሞትኩም።

ሐኪም ይጠራላት ብዬ በሠራተኛዋ ላክሁ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ክፍል ሁለት ወጣ። ከሀቡ እጅ ነጥቄ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

ገንቦ የለም። ደግሜ ገለጥኩ። የለም!

ሌላ ነገር አለ።

በታሪኩ ውስጥ ሰባት ዓመት የሆናት እንግዳ ልጅ ትመጣለች፤ ትኩሳት ይዟታል። ቀትር ነው። ግቢው በሙሉ ስም ማውጫ ድግስ ሄዷል። ባለ መነጽሯ ሴት ተደብቃ ትገባለች፣ ልጅቷ የተኛች ይመስላታል። እግሯ ሥር ትቀመጣለች። በሻሿ ጫፍ ላቧን ትጠርጋለች። የእግሯን ጣቶች አንድ በአንድ ትነካለች፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንደሚቆጠር። ታለቅሳለች። ሰው ሲመጣ ሰምታ ትወጣና በር ላይ ቆማ፣ “ያቺ ልጅ አልሄደችም እንዴ?” ትላለች።

“ነቅቼ ነበር” ይላል መጽሐፉ። “ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄድኩበት ሁሉ የተኛሁ መስዬ እጠብቃታለሁ።”

ይህን ለሰው አልተናገርኩም። ለዚህ ማስታወሻ እንኳ። ዙላይ ያኔ እናቷ ቤት አፈር ትጫወታለች። አልሃጂ ድግሱ ላይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔና... እሷ።

ሀቡ ውኃ አመጣልኝ። “ሐጂያ፣ አመመሽ?”

“ደራሲዋ በስንት ዓመቷ ናት?”

ዓይኑ ጣሪያ አልወጣም። “ልጅ ናት። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ‘ክፍል ሦስት አይኖርም’ ብላ ላከችብኝ።”

ዓርብ፣ ዲሴምበር 5

ዙላይን ክፍሌ ጠራኋት። በሩን ዘጋሁ።

“ፖስታው የማን ነበር?”

“ያያ፣ እኔ ተላላኪ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ስልኬን የምጎረጉረው ለፈተናዬ ነው። አንቺን ማዋረድ ቢያምረኝ የወጥሽን ጨው ነበር የምጽፈው” አለች።

ሳቅሁ። ወዲያው አለቀስኩ። ሁለቱም ባንዴ መጡብኝ።

“ለምን እንዲህ አድርጋ ጻፈችኝ?”

“እንድታነቢው ነዋ። ሌላ ምን የምታነቢላት ነገር አላት?” አለች። “ለሰው ልጅ ሁሉ መጽሐፍ ትመርጫለሽ። ከመጣች ጀምሮ አንድ ቃል ጠየቅሻት? ‘ቅዳሜ ስለ መጽሐፌ ምን ትል ይሆን’ እያለች ስትጠብቅ ነበር። ሬዲዮውን ደረቷ ላይ አድርጋ። ከዚያ ‘ገንፎ ማገንፋት ትልመድ’ አልሽ።”

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? እኔ ደግሞ የማላየውን ትቼ የማየውን ስጠረጥር ከረምኩ። ዓይኔ ሥር ነበረች። ወጉ አትያት ስላለኝ፣ ስጠረጥርም እንኳ አላየኋትም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

ማይኩ ፊት ተቀመጥኩ። ላስተካክለው ነበር። ወረቀት ላይ ጽፌው ነበር። ወረቀቱን አጠፍኩት። ስለ ጅብና ጥንቸሏ አወራሁ... ፈሪ!

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 11

ሴቶቹ እንሶስላ እየሞቁ ነው። ዘፈኑ እስከ ክፍሌ ይሰማል። የበኩር ሠርግ ላይ እናት አትታይም፣ ተደብቄያለሁ። በመስኮቱ ቀዳዳ እጇን አየሁ። ቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ቀለም አለ። እንሶስላ አይደለም፣ የብዕር ነው።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

ሄደች። ሶኮቶ። ሙሽራው እዚያ ነው የሚሠራው።

መኪናው ከመነሳቱ በፊት ዙላይ እጇን ይዛ ክፍሌ በር ድረስ አመጣቻት። ተሸፋፍናለች። ተንበረከከች። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ፣ እሷ ወዲያ።

“ሐጂያ፣ ይቅር በይኝ” አለች በሹክሹክታ።

እኔን ይቅር በይ ትለኛለች! ልናገር ፈለግሁ። ስሟ ምላሴ ላይ ነበር፣ ጨው እንኳ እንዲህ አይከብድም። ውጭ የአልሃጂ እህቶች ቆመው ያዳምጣሉ።

“መንገዱ አቧራ ነው። ፊትሽን ሸፍኚ” አልኳት።

ይኸው ነው ያልኳት። መኪናው ሄደ። ኒሙ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። ዙላይ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ይህችን ሴት ልጠረጥራት የደፈርኩት በየትኛው ዓይኔ ነው?

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 27

የደዋዮች ሰዓት ሊያልቅ ነበር። ቴክኒሻኑ “አንድ ቀረ” አለኝ በጣቱ። መስመሩ ይንጫጫል።

“ሐጂያ፣ የካዱናዋ ነኝ።”

ደስ አለኝ! “ልጄ! የት ጠፋሽ? ሞትሽ ብዬ ነበር እኮ!”

“አልሞትኩም። አገባሁ። ሐጂያ፣ ለአዲስ ሙሽራ፣ ሰው በማታውቅበት ከተማ ላለች፣ ምን ትመርጪላታለሽ?”

አዲስ ሙሽራ... በዚያ ድምፅ። ትንሽ ሰነጠቅ ያለ፣ ቃሉ መጨረሻ ላይ የሚወድቅ። ከመጋረጃው ወዲያ የሰማሁት ሹክሹክታ። “ይቅር በይኝ” ያለኝ።

ለዘጠኝ ዓመት። ለአሥራ ሁለት። ለአሥራ ስድስት። ሁሌ የራሷን ዕድሜ ነበር የምትጠይቀኝ። የካዱናዋ የምትባል ልጅ ኖራ አታውቅም። ከዛሪያ ነበር የምትደውለው። መደወል ያቆመችው እኔው ቤት ስለገባች ነው፤ ግቢ ውስጥ ሆና ለኔ መደወል አትችልም ነበር። እነዚያን ዓመታት ሁሉ “ልጄ” ያልኳት ልጄን ነው።

ቴክኒሻኑ በመስታወቱ በኩል እጁን ያወዛውዛል። ዝምታ በሬዲዮ ረጅም ነው።

“አድማጮች” አልኩ። “ባለፈው አንድ መጽሐፍ ለማንም አይሆንም ብያችሁ ነበር። ተሳስቻለሁ። የተቆረጠው ቅርንጫፍ የሚሆነው ለእናት ነው። በተለይ ልጇን ለማታይ እናት። ሁለቱንም ክፍል ግዙ፣ የማታነብ እናት ካለቻችሁ አንብቡላት። ለሙሽራዋ ደግሞ... ክፍል ሦስትን እመርጥላታለሁ።”

“እሱ አልተጻፈም” አለችኝ። እያለቀሰች ነው።

“እንግዲያው ጻፊው፣ ሱዋይባ።”

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ካኖም፣ ዛሪያም፣ ሶኮቶም ሰማ። ቴክኒሻኑ እጁን ራሱ ላይ ጫነ፣ የነሱም አገር ወግ ያው ነው።

“እሺ፣ እማማ” አለች። ሐጂያ አላለችኝም።

ቤት ስገባ ዙላይ በር ላይ ቆማ እልል እያለች ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል። የአልሃጂ እህት ከዛሪያ ደውላ ሰድባኛለች፤ ስልኩ ውስጥ እስክትደክም ጠበቅኋት። አልሃጂ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠርጎ ገባ፣ ተቀመጠ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና “ያ መጽሐፍ... ትርፍ አለሽ?” አለኝ። ዓይኔን አላየም።

“ለማን ነው?”

“ለዙላይ” አለ። ሰጠሁት።

ሱዋይባ። ይኸው እዚህም ጻፍኩት። እጄ አልተቆረጠም።