ከእናቴ ሥር የተወሰደው ወንበር

በባሕር ማዶ ላለው ዙፋን እንደራሴ፣ ለክቡር አገረ ገዥያችን፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ ደኅና ነው? ጉልበትዎስ? ስለ ጉልበትዎ አጥብቄ የምጠይቅበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታልና ለጊዜው ጤናዎን ተመኝቼ ልለፍ። እኔ በአናጺዎች ሰፈር የምኖር፣ አናጺ የአናጺ ልጅ፣ የዙፋኑም ታማኝ ነኝ። ታማኝ ስል አላፌዝም፤ አያቴ ከእናት አገር በመርከብ ሲመጡ ደረታቸው ላይ አቅፈው ያመጡት የንጉሡ ሥዕል እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከገበታችን በላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር።

ክቡርነትዎ በአደባባይ ቆመው፣ ልጆቼ ምን ጎደለባችሁ፣ ልባችሁን ያሸፈተውስ ማነው ብለው በአባት አንጀት ስለ ጠየቁን ጠያቂ አያሳጣዎ። መልሱን ሳይጠብቁ አስተማሪውንና ባለ ማተሚያ ቤቱን ማሳሰርዎ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። እነዚያ ምስኪኖች ስለ ነጻነት ሲናገሩ የሚሰማቸው አጥተው የኖሩ ናቸው፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ንግግራቸው መሐል አንቀላፍቻለሁ። ስለዚህ ንጹሐኑ እንዲፈቱ፣ እውነተኛውን ምክንያት በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ እንጨታችን በግንዱ ወደ እናት አገር ሄዶ ወንበር ሆኖ እንዲመለስ፣ እዚህ ግን ማንም አናጺ ወንበር እንዳይሠራ ስለ ደነገጉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። በርና መስኮት ተፈቅዶልናል፤ የሬሳ ሣጥንማ ማን ከልክሎን! ዛፉ ከደጃችን ተቆርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሠልጥኖ ሲመለስ የምንገዛው እኛው ነን። አጉረመረምን እንጂ በዚህ አላመፅንም።

፪ኛ፤ ስለዚሁ ጉዳይ ለዙፋኑ በትሕትና ላመለከትነው አቤቱታ፣ ከብዙ ወራት በኋላ፣ የልጆቻችን ፍቅር ደርሶናል የሚል መልስ ስለ መጣልን እጅ እንነሣለን። ስለ ወንበር አንድም ቃል አልነበረበትም። ይህንንም ሆድ ይፍጀው ብለን ዋጥነው።

፫ኛ፤ እናቴ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ መሬት ከተቀመጠች ያለ ሰው አትነሣም። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ወንበር ደግሞ ለረጃጅሞች የተሠራ ነውና እግሯ ተንጠልጥሎ ያብጣል። በእኛ ሰፈር ወንበር እንዲህ አይሠራም ነበር። የሚቀመጥበት ሰው ከተረከዙ እስከ ጉልበቱ በሲባጎ ይለካል፤ ልኩ ላይ ቋጠሮ ይደረጋል፤ የወንበሩም እግር በቋጠሮው ልክ ይቆረጣል። በሌላ ሰው ልክ በተሠራ ወንበር መቀመጥ እኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔም በሬን ዘግቼ እናቴን ለካሁ፤ ሕግዎን ጥሼ አንዲት ዝቅ ያለች ወንበር ሠራሁላት።

ተቆጣጣሪዎችዎ የመጡት ጎረቤት ሊጠይቃት ቤታችን በተሰበሰበበት ቀን ነው። ጨዋዎች ነበሩ፤ አልጮኹም፣ እጃቸውንም አላነሡብን። በትሕትና ብቻ ወንበሩን አስረክብ አሉኝ። እናቴን በብብቷ ይዤ አንሥቼ መሬት ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ወንበሩን እስከ ጋሪያቸው የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እንዳይበቃኝ ደግሞ ሲሄዱ ጎንበስ ብዬ እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። እግዜር ይስጥልኝ! አፌን በቆረጠው! ስመለስ እናቴ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ተወው ልጄ፣ መሬት መቼ ጠቦኝ ያውቃል አለች፤ ይኼን ያለችው እኔን ከሐፍረቴ ለማዳን ነው፤ እኔም አወቅሁ፣ እሷም ማወቄን አወቀች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ የጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ሚስቱ ተከተለች። ቀስ በቀስ ቤቱ ሁሉ መሬት ወረደ። ክቡርነትዎ የሚፈልጉት የአድማ ስብሰባ እንግዲህ ያ ነበር።

፬ኛ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወንበሩን ልለምን ጽሕፈት ቤትዎ በመጣሁ ጊዜ ስለ ተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። ለማስረጃ የተያዘው ወንበር መደገፊያው አምሮዎት ኖሮ፣ ተቀምጠውበት አገኘሁዎ። ስለ ሕግ መከበር ሲያስረዱኝ ጉልበቶችዎ አገጭዎ ሥር ደርሰው ነበር። እኔ ቆሜ እርስዎን አየሁና በእርስዎ ፈንታ ላብ አጠመቀኝ። ዕድሜ ልኬን እንደ አባት የፈራሁት ሰው የተቀመጠበት ወንበር የእሱ አለመሆኑን እንኳ የማያውቅ ነው። ቤቴ ገብቼ የንጉሡን ሥዕል አወረድኩ፤ ለመናደድ እንኳ አቅም አልነበረኝም፣ አፍሬ ነው።

አምስተኛ የለኝም። ልባችንን ያሸፈተው ማነው ላሉት፣ መልሴ ይኸው ነው፤ እናቶቻችንን ቀና ብለን ማየት አቃተን። አስተማሪውንና ባለ ማተሚያ ቤቱን ይፍቷቸው፤ እነሱ ከዚህ ነገር የሉበትም።

የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜ፣ ከሁሉ በላይ የጉልበትዎን ደኅንነት እየተመኘሁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣
የእናቱ ልጅ፣ አናጺው።

ማሳሰቢያ፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሰፈራችን በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ወንበር እየሠራ ነው፤ የመጋዙ ድምፅ ከረበሸዎ ይቅርታ። ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ ስለጥፍ ሲባጎ አብሬ አንጠልጥያለሁ፤ ከተረከዝዎ እስከ ጉልበትዎ ለክተው ይቋጥሩልንና ወደ እናት አገር ሲመለሱ መርከቡ ላይ የሚቀመጡበትን በልክዎ እንሠራልዎታለን። የእናቴን ወንበር ግን ሲነሡ እዚያው ይተዉት። ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝና ተሸክሜ የምመልሰውም እኔው ነኝ።