የባሌን ቁጠባ ስላሳገደች አንዲት የትሕትና ቃል

ለክቡር አቶ ኢሶጋይ
የኮሃማ ቁጠባ ባንክ ፕሬዚዳንት
ኮሃማ፣ ሰሜን ጃፓን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ባንክዎ የብረት በር የጠነከረ እንዲሆን፣ በተለይም ዳሌዎ ከክፉ ነገር ሁሉ እንዲጠበቅልዎ እመኛለሁ።

እኔ ፉሚኖ ካናሞሪ እባላለሁ። ባለቤቴ ቶኩዞ ጀልባ እየጠገነ ያገኘውን ዕድሜ ልኩን በባንክዎ ሲያስቀምጥ ኖሮ፣ በዚህ ጸደይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታሉም የመታጠቢያ ቤታችን ደረጃ ካልተነሣና መደገፊያ ካልተገጠመ ወደ ቤቱ አይመለስም፣ ሩቅ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ይሄዳል አለን። እኔም በርዎ ላይ የተለጠፈውን «የተኛ ገንዘብዎን ይቀስቅሱ፤ አገር ይነቃቃል» የሚል ማስታወቂያ አምኜ፣ ገንዘባችንን ልቀሰቅስ መጣሁ።

አንደኛ፣ ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ ባለቤቴ ራሱ ለምን እንዳልመጣ በጠየቀችኝ ጊዜ፣ እናቴ እንዳሳደገችኝ ባሌን በባዕድ ፊት ዝቅ አድርጌ «ኧረ ተይው እሱን! የኔ ሽማግሌ ጃጅቷል፣ ምንም አይረባም» አልኳት። በአገራችን ባሏን በሰው ፊት የምታሞግስ ሴት ምን እንደምትባል ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ልጅቷ ግን ብድግ ብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ ስትመለስ ሂሳቡ የአእምሮ ሕመምተኛ ሂሳብ ተብሎ ታግዷል። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ስለ ፍጥነታችሁ ግን አመሰግናለሁ፤ ገንዘብ ላስገባ ስመጣ እንዲህ ፈጥናችሁልኝ አታውቁም።

ሁለተኛ፣ ቶኩዞ ከአልጋው ሆኖ ለቅርንጫፍዎ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ የሂሳብ ቁጥሩን በቃሉ ነገራቸው፤ ባለፈው ዓመት ቁጠባችንን ወደ አክሲዮን እንድናዛውር ሊመክሩን መጥተው ቤታችን ረስተውት የሄዱትን ጃንጥላ ሳይቀር አስታወሳቸው። እሳቸውም በታላቅ ርኅራኄ «አይዞዎት አባቴ፣ ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የድሮውን አይረሱም» አሉት። ቶኩዞ ስልኩን ዘግቶ «አንቺ ሴትዮ፣ በቁሜ ቀበርሽኝ እኮ!» ብሎ ሳቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ ፊቱን አዙሮብኝ አያውቅም።

ሦስተኛውን ልተወው። ሂሳቡን የሚያንቀሳቅስ ሞግዚት ፍርድ ቤት እስኪሾምለት ወራት ይፈጃል ተብለናል፤ የመጦሪያው መኪና ግን ሰኞ ይመጣል። አናጢው እንጨቱን ቆርጦ በራችን ላይ ከምሮ «እሺ እናቴ፣ ልጀምር?» ይለኛል፤ እኔም ሻይ እቀዳለታለሁ።

የባለቤቴን ገንዘብ ከባለቤቴ ስለጠበቁልን፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የዚያ የጃጀ ሰውዬ ሚስት
ፉሚኖ ካናሞሪ

ማስታወሻ፦ ለአዲስ ዓመት በላኩልን ካርድ ላይ «እኔ አላዋቂና አእምሮዬ የደከመ ሰው ስሆን፣ በእናንተ ድጋፍ ባንኩን እመራለሁ» ብለው በክቡር እጅዎ ፈርመዋል። እስከ ዛሬ ትሕትና መስሎኝ ነበር። አሁን የባንክዎ ደንብ ስለገባኝ፣ ሰኞ ጠዋት ቶኩዞን ከመሸኘቴ በፊት ካርዱን ለዚያችው ልጅ አስረክባለሁ፤ የእርስዎንም ሂሳብ በዚያው ፍጥነት ታግድልን።